አርብ አርብ ውሃ የሚጠጣው ባልዲ

ቁስቋም ሰፈር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል ሲወረድ፣ የድንጋይ አጥሩ ላይ ዶሮ የማይጠፋበት አንድ ግቢ አለ። የአበቡ ግቢ ነው። ከመኖሪያ ቤቷ ኋላ ሦስት ክፍሎች ተደርድረዋል። ሟቹ ባሏ ሰውአገኝ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አከራያቸዋለሁ ብሎ ያሠራቸው ናቸው። ተማሪ ግን አልገባባቸውም። የገባባቸው ዕቃ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ወደ መተማ የተቀየረ አንድ የባንክ ሠራተኛ «እስክመለስ አልጋዬንና ቁም ሳጥኔን ላስቀምጥ፣ ኪራዩን እንደ ሰው እከፍላለሁ» ብሎ በለመናት ጊዜ ነበር። አበቡ ዕቃ ሸጋ ተከራይ ሆኖ አገኘችው። አያመሽም፣ አይሰክርም፣ መብራት አያስቆጥርም፣ እንግዳ አያመጣም። ወሬው ሲዛመት ሌሎችም መጡ፦ ሥራ የተቀየረ፣ ቤቱን አፍርሶ የሚሠራ፣ ተጋብቶ ቤት ያላገኘ፣ ተፋትቶ ቤት የጠበበው። አሁን ሦስቱም ክፍሎች እስከ ጣሪያቸው ሞልተዋል። ባጃጅ ነጂው ሁሉ «የአበቡ ዕቃ ቤት» ካሉት ሳይጠይቅ ያደርሳል።

ዕቃ ማስቀመጥማ ማንም ያስቀምጣል፤ መጠበቁ ነው ሥራው። የጎንደር ክረምት ቀልድ አያውቅም። ከሰማይ የሚወርደውን ቆርቆሮ ቢመልሰው ከመሬት የሚወጣው እርጥበት አለ፤ እሱ ዝም ብሎ ነው የሚመጣው። ስለዚህ አበቡ ወለሉ ላይ ድንጋይ ትደረድራለች፣ በድንጋዩ ላይ የባሕር ዛፍ አጣና ታጋድማለች፣ ዕቃው የሚያርፈው ከዚያ በላይ ነው። ከግድግዳውም አንድ ስንዝር ታርቀዋለች፤ ነፋስና ድመት ይለፉበት ብላ። የአልጋ እግር አመድ በሞላው ጣሳ ውስጥ ይቆማል፣ ምስጥ አመድ ስለማይደፍር። ብርጭቆና ሳህን በጤፍ ጭድ ይቀበራል። ልብስ መሐል ደረቅ አሪቲ ይገባል። የፍሪጅ በር ግጥም ብሎ አይዘጋም፤ የበቆሎ ቆረቆንዳ ይሰካበታል፣ አለበለዚያ ባለቤቱ ሲመጣ ሽታው ገፍትሮ ይጥለዋል። ቴሌቪዥን በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ፊቱ ወደ ግድግዳ ይዞራል። ይህን ሁሉ ማንም አላስተማራትም። እያበላሸች ተማረችው፣ አብዛኛውንም በራሷ ዕቃ።

አሁን እውነቱን እናውራ። አበቡ የሰው ነገር ለማወቅ ያላት ጉጉት ከቁመቷ ይበልጣል። ሠርግ ቤት ስትጠራ ሙሽራዋን ሳታይ የሙሽራዋን ሻንጣ የምታይ ሴት ናት። እንዲህ ያለችው ሴት ናት እንግዲህ የሰው ዕቃ ጠባቂ የሆነችው። ፈጣሪም ሲቀልድ እንዲህ ነው። ግን አንድ ሕግ አላት፦ የታሰረ አይፈታም። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ። በዚህ ሁሉ ዓመት አንድም ካርቶን፣ አንድም ቦርሳ፣ አንድም ጆንያ ፈትታ አታውቅም፤ ሰው የሚመጣባትም በዚህ ስሟ ነው።

መገመት ግን ሕግ አልከለከለም። ስታነሳ ክብደቱን፣ ስታስቀምጥ ድምፁን፣ ስታልፍ ሽታውን ትሰማለች። ፊቱ ፈገግታ የማያውቅ አንድ የቀበሌ ሹም ነበር። ከዕቃው አንዱን ካርቶን መሬት ስታስነካው ከውስጡ ቀጭን ድምፅ እንግግግ አለ። ክራር ነው! ያ ሰውዬ ቤቱ ክራር ይመታል! ከዚያ ቀን ጀምሮ መንገድ ላይ ስታገኘው ከወትሮው ዝቅ ብላ ሰላም ትለዋለች፤ እሱ ግን ምክንያቱን እስከ ዛሬ አያውቅም።

እትዬ ወለላ የመጡት አንድ የሚያዝያ ጠዋት ነው። እዚያው ሰፈር፣ ከወንዙ ወዲህ በተከራዩት ቤት ጥጥ እየፈተሉ ብዙ ዓመት የኖሩ ሴት ናቸው። ቤተ እስራኤል ናቸው፤ ከልጃቸው ከአለምነህ ጋር ወደ እስራኤል ለመሄድ ተመዝግበው፣ ዛሬ ነገ ሲባል የአለምነህ ልጅ ሳሪት ተወልዳ ትምህርት ቤት ገባች። ሻንጣቸው አልጋ ሥር ተዘጋጅቶ ሁለት ጊዜ በአይጥ ተበልቷል። በመጨረሻ ተጠሩ። አልጋውን ሸጡ፣ ዕቃውን ለጎረቤት አደሉ። እትዬ ወለላ ግን አንድ ነገር አልሸጡም፣ አልሰጡምም። ባለ ክዳን ባልዲ ነው፤ እንደ ሕፃን በነጠላ አዝለው አመጡት።

«አበቡዬ፣ ይችን አስቀምጭልኝ» አሉ፤ ሲያወርዱት ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ።

አበቡ ልታግዛቸው ብድግ ስታደርገው ወገቧ ደነገጠ። እንደ ወፍጮ ድንጋይ ይከብዳል። ክዳኑን ከፈት ሲያደርጉት ከላይ የሚታየው ርጥብ ጆንያ ነው፤ ከጆንያው ሥር ላስቲክ፣ ከላስቲኩ ሥር የማይታይ ነገር።

«ምን ገዶኝ እትዬ! ምንድን ናት?»

«የእናቴ ናት።»

«የእናትዎ ምን?»

«የእናቴ ናት አልኩሽ እኮ» አሉና ነጠላቸውን አስተካከሉ። «አንድ ነገር ብቻ አደራ። እንዳትደርቅብኝ። አርብ አርብ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ አንድ ጣሳ ውሃ ጆንያዋ ላይ አርከፍክፊባት። ከዚያ የላስቲኩን አፍ ሳትፈቺ ጫፉን ብቻ ገለጥ አድርገሽ ጠብ ጠብ ይግባላት፤ መልሰሽ ክደኛት።»

«ውሃ?» አለች አበቡ። «እትዬ፣ እኔ እኮ ዕድሜዬን ሙሉ ከዚህ ቤት ውሃ ሳባርር የምኖር ነኝ።»

«አውቃለሁ። ለዚያ ነው አንቺ ዘንድ ያመጣኋት፤ ቃልሽን አታጥፊም ብዬ።»

የኪራይ ነገር ሲነሳ አበቡ እጇን አወናጨፈች፤ ባልዲ ኪራይ አይከፍልም አለች። እትዬ ወለላ ጉንጯን ግራ ቀኝ ስመዋት ሄዱ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዘወር ብለው ባልዲውን አዩት። አበቡ ሰው ሻንጣውን እንዲያ ሲያይ አይታ አታውቅም።

እንግዲህ አስቡት። ከሰው ዕቃ ሁሉ ሽታና ድምፅ የምታነብ ሴት፣ የማይንኳኳ፣ የማይነቃነቅ፣ ግን ውሃ የሚጠጣ ነገር ተሰጣት። በመጀመሪያው አርብ ጣሳዋን ይዛ ገባች፣ አርከፈከፈች፣ ጆሮዋን ባልዲው ላይ ደገነች። ምንም። በሁለተኛው አርብ በጣቷ መታ መታ አደረገችው፤ ድምፁ ድፍን ነው፣ ሙሉ ነው። በሦስተኛው አሸተተች። የመጀመሪያ ዝናብ የመታው መሬት ሽታ አለው። ይህማ የግቢዬ ሽታ ነው ብላ ተወችው። እውነቱ አፍንጫዋ ሥር ነበር፤ እሷ ግን ራቅ አድርጋ ትፈልጋለች።

በአጥር የምትዋሰናት ብርቄ ናት መጀመሪያ ያየቻት። ብርቄን ለማያውቅ ሰው፣ ሰፈሩ ውስጥ ወጥ ቢያርር ሽታው ከመውጣቱ በፊት የምትደርስ ሴት ናት በሏት።

«አበቡ፣ ምነው ውሃ ይዘሽ ዕቃ ቤት? እሳት ተነሳ እንዴ?»

«ዕቃ ላጠጣ ነው» አለች አበቡ ሳታስብ።

ምን አፏን አስከፈታት! ከዚያ ወዲያ አርብ በመጣ ቁጥር ብርቄ አጥሩ ላይ ክርኗን አስደግፋ ትጠብቃለች። የሁለቱ ግምት መጽሐፍ ይወጣዋል። ብርቄ መጀመሪያ አይብ ነው አለች፤ አይብ ቢሆን እስካሁን ግቢው በሸተተ። ቀጥላ ብቅል ነው አለች፤ ብቅል ይህን ያህል አይከብድም። የሚበቅል ነገር ነው እንዳይባል ጨለማ ውስጥ ተዘግቶ ምን ይበቅላል? አንድ ቀን ብርቄ ፊቷ በርቶ መጣች።

«አገኘሁት! አልቅት ናቸው።»

«ምን?»

«አልቅት። ለደም ብዛት መድኃኒት ነው፣ ውጭ አገር በውድ ይገዛል አሉ።»

አበቡ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። በሚቀጥለው አርብ ግን የላስቲኩን ጫፍ ስትገልጥ ጣቷን ትንሽ ራቅ አደረገች።

ክረምቱ ሲገባ ሳቁ አለቀ። ደባርቅ የሚያስተምረው መምህር ዳኛው መጽሐፎቹን ሊወስድ መጣ፤ የሱ ካርቶኖች ከባልዲው አጠገብ ነበሩ። የታችኛውን ካርቶን ሲያነሳው ቂጡ ተቀዶ መጽሐፎቹ ወለል ላይ ተዘረገፉ። አንድ ጎናቸው ርሶ አብጧል። አበቡ አጣናውን ዳሰሰች፤ ከባልዲው ሥር ጀምሮ ርጥብ ነው። ባልዲው ከሥሩ ስንጥቅ ነበረበት፤ አርብ አርብ ያጠጣችው ሁሉ እየሾለከ ነበር።

«ምንም አይደል እትዬ አበቡ» አለ ዳኛው። «የሂሳብ መጽሐፍ ነው። ተማሪዎቼ ቢሰሙ ደስ ይላቸዋል።»

እሱ ሊያጽናናት ነው፤ እሷ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ከአበቡ ቤት የረጠበ ዕቃ ወጥቶ አያውቅም።

«ባልዲው ውስጥ ያለው ምንድን ነው?» ሲል ጠየቃት።

«እንጃ» አለች። እንጃ ማለቷን ራሷ ስትሰማው ደነገጠች። የማታውቀውን ነገር በሰው ዕቃ መሐል ያስቀመጠች እሷ ናት።

መጽሐፎቹን አጥሩ ላይ ለማስጣት ብርቄ መጥታ አገዘቻት። ዳኛው ከሄደ በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እትዬ ወለላ ትውልዳቸው ትክል ድንጋይ በኩል አይደል? እዚያ የነሱ ወገኖች ምን እንደሚባሉ ታውቂያለሽ። ጠይብ ናቸው። እንዲያው ሰውን በዓይን የሚበላ፣ ቡዳ የሚሉት ነገር…»

«ተይ እባክሽ! ስንት ዘመን አብረን የኖርን ሴት! ልጅሽ ሲታመም ማን ነበር አብሮሽ ያደረው?»

«አልካድኩም። ሸጋ ሴት ናቸው። ግን የእናቴ ናት ብለው ውሃ የሚያጠጡት ነገር ምንድን ነው? ንገሪኛ!»

ክፉ ወሬ እንደ ምስጥ ነው፤ አላመንኩትም ብለህ ስትተኛ እሱ ከሥር እየበላ ይቆያል። አበቡ አላመነችም። እውነት አላመነችም። ግን በዚያ ሳምንት አርብ ጣሳዋን አላነሳችም። ዝናብ ነው፣ ከአየሩ ይበቃዋል አለች። በሚቀጥለው አርብ ለቅሶ ነበረባት። ከዚያ በኋላ ምክንያት መፈለጉንም ተወችው። ባልዲውን ከዕቃው ሁሉ ለይታ በሩ ጥግ አስቀመጠችው፤ ስታልፍ ቀሚሷን ሰብሰብ ታደርጋለች።

መስከረም ጠባ። አበቡ እንቁጣጣሽ ካለፈ በኋላ ዕቃውን ሁሉ አውጥታ ፀሐይ ታስመታለች፤ በያመቱ የምታደርገው ነው። ፍራሽ ይገለበጣል፣ ምንጣፍ ይራገፋል። ባልዲው ተራው ደረሰ። እዚህ ላይ አበቡ ከራሷ ጋር ክርክር ገጠመች። ጆንያውን ማንሳት መፍታት ነው? አይደለም፣ ጆንያ ክዳን ነው። ጆንያውን አነሳችው። ላስቲኩስ? ላስቲኩ ካልተገለጠ ፀሐይ ምኑን ይመታዋል? አፉን ብቻ ከፈት አድርጋ፣ ፊቷን ወዲያ አዙራ፣ የድንጋይ አጥሩ ላይ ተወችው። አላየሁም፣ ስለዚህ አልፈታሁም። ጠበቃ ብትሆን ይወጣት ነበር።

ፀሐዩ ጠንካራ ነበር። ቀናት አለፉ። አንድ ረፋድ ላይ ፍራሽ እየደበደበች ሳለ ከአጥሩ በኩል ቋ! የሚል ድምፅ ሰማች። ዶሮዎቹ በረገጉ። አበቡ በትሯን ይዛ ቆመች። ከዚያ ሄደች፣ ከባልዲው አውጥታ ላስቲኩን ከላይ እስከ ታች ቀደደችው።

ጭቃ ነው።

ጥቁር፣ ድፍን፣ የደረቀ ጭቃ፤ መሐል ለመሐል ለሦስት ተሰንጥቋል። መልሳ መላልሳ አየችው። በላዩ የሰው እጅ ታትሞበታል፤ መዳፉ ሳይቀር፣ የአውራ ጣቱ ጥምዝ ሳይቀር። ተደርጎ ካለቀ በኋላ አንድ ሰው በፍቅር ቸብ ያደረገው ይመስላል። ያን ሁሉ ወራት የደከመችለት፣ የሳቀችበት፣ የፈራችው ነገር ይኸው ነው።

ቀስ እያለ ገባት። ማድ ቤት ገብታ የሽሮ ድስቷን አነሳችና ገለበጠችው። ከሥሩ፣ ጥላሸቱ ባልደረሰበት ቦታ፣ የሠሪዋ የጣት መስመር አለ። እስከ ዛሬ ልብ ብላው አታውቅም። በጠይብ እጅ በተሠራ ድስት እየበላች አድጋ፣ በጠይብ እጅ በተሠራ እንስራ እየጠጣች ወልዳ፣ ጠይብ ሲባል ቀሚሷን ትሰበስባለች። እትዬ ወለላ ለምን እንዳልነገሯት የዚያን ጊዜ ገባት። የሸክላ ሠሪ ልጅ መሆናቸውን ሰፈሩ እንዳያውቅ ነው ያን ሁሉ ዘመን ጥጥ ሲፈትሉ የኖሩት። አፈረች። ድስቱን ታቅፋ እዚያው መደቡ ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች።

ከዚያ ደግሞ ሌላው ፍርሃት መጣ። እንዳትደርቅብኝ ነበር ያሉት። ደርቃለች። ተሰንጥቃለች። የገደልኳት እኔ ነኝ አለች።

ስልኩን ለመደወል ድፍረት እስክታገኝ ቆየች። በመጨረሻ በአለምነህ ቴሌግራም ደወለች፤ እትዬ ወለላ የስልኩ መስኮት ላይ ብቅ አሉ፤ ከስተዋል፣ ነጠላቸው ግን ያው ነው።

«እትዬ» አለች አበቡ፣ ሰላምታው እንኳ ሳያልቅ። «አደራዎን በላሁት።»

«ምን ሆነች?»

«ደረቀች። ሁለት ሦስት አርብ… አይ፣ ከዚያም በላይ ውሃ ነፈግኋት። ፀሐይ ላይ አወጣኋት። ከዚያ ፈታኋት።»



«አየሻት?» አሉ እትዬ ወለላ።

«አየኋት።»

«ጭቃ መሆኗን?»

«ጭቃ መሆኗን።»

አሮጊቷ የነጠላቸውን ጫፍ ወደ አፋቸው ወሰዱ። አበቡ ገባት፤ የሚያስጨንቃቸው የጭቃው መድረቅ አይደለም፣ የእሷ ማወቅ ነው።

«እሳት ነካት?»

«ኧረ አልነካትም!»

«እንግዲያ አልሞተችም። ሸክላን የሚገድለው እሳት ነው፤ እሳት ካገኘው ወደ ጭቃነቱ አይመለስም። ፀሐይ ቢያስጠማው እንጂ አይገድለውም። እናቴ ሸክላ በሠራች ቁጥር አንድ ድፍን ታስቀር ነበር። አዲስ ጭቃ ስታቦካ ትቀላቅለዋለች፤ ከዚያ ደግሞ አንድ ድፍን ታስቀራለች። ልክ እንደ እርሾ። ስትሞት ለእኔ ተወችው። ጎንደር ስንገባ ከሻንጣው ሁሉ ሥር አድርጌ አመጣሁት። ሠርቼበት ግን አላውቅም። ጥጥ ፈታይ ነኝ አልኩ። የሰው አፍ ፈራሁ። ብነግርሽ ታስቀምጭልኝ ነበር፣ አበቡዬ?»

አበቡ «ምነው እትዬ፣ እንዴታ!» ልትል አፏን ከፈተች።

«እንጃ» አለች። «እንጃ እትዬ።»

እትዬ ወለላ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የተቀየሙ አይመስሉም። «ሳሪት በቀደም ከትምህርት ቤት ጥፍሯ ሥር ጭቃ ይዛ መጣች። እጇን መታኋት። ሰው ሳያይሽ ታጠቢ አልኳት። አለምነህ ሳቀብኝ፤ እማዬ፣ እዚህ እኮ ሸክላ ትምህርት ነው፣ ልጆቹ የሠሩትን እናቶቻቸው ሳሎን ይደረድሩታል አለኝ። እኔ ደግሞ የልጅቱን እጅ መትቻለሁ! አለቀስኩ። ከዚያ ስለ እናቴ ጭቃ ነገርኳት። በጥር ከአባቷ ጋር ጎንደር ትመጣለች፤ እሱን ጭቃ በእጄ ካልነካሁ ብላለች። አሁን ካልቦካ ለጥር አይደርስም፤ ጭቃ ሳይከርም እጅ አይቀበልም። ወለቃ በኩል ሸክላ ሠሪ አይጠፋም፤ እባክሽ አንዷን ለምኝልኝ።»

«የማንንም እጅ አልለምንም» አለች አበቡ። «አደራው የተሰጠው ለኔ ነው። ያደረቅኋት እኔ፣ የማቦካት እኔ።»

«አንቺ?» እትዬ ወለላ ወደ ስልኩ ቀረቡ። «ሰው ቢያይሽስ?»

አበቡ ስልኩን ዘግታ ሙቀጫዋን ልታመጣ ተነሳች።

ጭቃውን ሰባብራ፣ በሙቀጫ ወቅጣ፣ በወንፊት ነፍታ፣ በገበቴ ውሃ ውስጥ ነከረችው። ይህን ሁሉ ያደረገችው ዕቃ ቤቱ ውስጥ በሩን ዘግታ ነው። የሚቦካበት ቀን ሲደርስም በሩን ዘጋች፤ መቀርቀሪያውን ወረወረችው። እጅጌዋን ስትሰበስብ ግን አንድ ነገር ታያት። እትዬ ወለላ ያን ሁሉ ዘመን ባልዲውን ያጠጡት የነበረው እንዲህ ነው፤ በር ዘግተው፣ የሰው ኮቴ እያዳመጡ። አበቡ ዕቃ ጠባቂ ናት። ምን እንደሚደበቅና ምን ፀሐይ እንደሚያስፈልገው መለየት የእሷ ሥራ ነው። በሩን ከፈተች። ገበቴውን እየጎተተች ግቢው መሐል አወጣችው፤ የውጭውን በርም ወለል አድርጋ ከፈተችው፣ እንደ ሠርግ ቤት።

ስልኩን አጥሩ ድንጋይ ላይ አስደግፋ ደወለች። እትዬ ወለላ እያዩ ያዝዟታል።

«ዱቄት አይደለም እኮ፣ አትፍሪው! በመዳፍሽ ግፊው። ትንፋሹን አስወጪው፤ አየር የያዘ ጭቃ እሳት ውስጥ ይፈነዳል። እንደሱ። አይ፣ አውራ ጣትሽን አታሳርፊ!»

ጭቃው መጀመሪያ አሻፈረኝ ይላል፤ ይንሸራተታል፣ ይጣበቃል። ቆየት ብሎ ከእጇ ሥር እየለዘበ መጣ። አበቡ የዕቃ ጉጉቷ ሁሉ ተመለሰ። ይህ እንዲህ የሚለዝበው ምኑ ነው? ይህ የመጀመሪያ ዝናብ ሽታ የት ቦታ የተቆፈረ አፈር ነው? ስንት እናት ነክታዋለች? ጥያቄ በጥያቄ ሆና እትዬ ወለላን ስታደርቃቸው፣ ከውጭው በር ድምፅ መጣ።

«አበቡ? ምነው በሩ ወለል ብሏል? ለቅሶ ነው?»

ብርቄ ናት። ሁለት እርምጃ ገብታ ቆመች። ዓይኗ ከገበቴው ወደ አበቡ ክንድ ሄደ፤ እስከ ክርኗ ጥቁር ጭቃ ነው።

አጥሩ ላይ ካለው ስልክ የእትዬ ወለላ ድምፅ ቀስ ብሎ መጣ። «ሸፍኚው፣ አበቡዬ። በጨርቅ ሸፍኚው።»

ጆንያው እጇ ሥር ነበር። አበቡ አላነሳችውም።

«ሸክላ እያቦካሁ ነው» አለች ለብርቄ። ድምፅዋ እንደፈለገችው አልጠነከረም፣ ግን ወጣ። «የእትዬ ወለላ ጭቃ ነው። የእናታቸው። እሳቸው እያስተማሩኝ ነው፤ ያውልሽ፣ ስልኩ ላይ ናቸው።»

«ሰው ምን ይላል?» አለች ብርቄ በሹክሹክታ።

«የሚለውን አውቀዋለሁ። እኔም ብዬዋለሁ።»

ብርቄ ወደ ስልኩ አየች፣ እትዬ ወለላም ወደ እሷ። ሁለቱም የመጀመሪያዋን ቃል የሚጠብቁ ይመስላሉ።

«እንደምን ነዎት፣ እትዬ ወለላ» አለች ብርቄ በመጨረሻ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ። ልጅሽ ዳነልሽ? በጉሮሮው ይታመም አልነበር?»

«ዳነልኝ» አለች ብርቄ። አንገቷን ደፋች። ሌሊቱን ሙሉ ልጇን ታቅፈው ባደሩላት ሴት ፊት ምን ዓይን አላት! ዞራ ትሄዳለች ብላ አበቡ ጠበቀች። ብርቄ ግን ብርቄ ናት። ዓይኗ እንደገና ገበቴው ላይ ወደቀ፤ መቻል አልቻለችም።

«እኔ እምለው… ያ አርብ አርብ ውሃ ይጠጣ የነበረው… ይሄ ነው?»

«ይሄው ነው» አሉ እትዬ ወለላ።

«አልቅት አይደለም?»

ስልኩ ውስጥ ያሉት አሮጊት ምን እንደሆነ አልገባቸውም፤ አበቡ ግን ሳቋ ፈነዳ፣ በጭቃ እጇ አፏን ልትሸፍን ብላ ግማሽ ፊቷን ለቀለቀችው። እትዬ ወለላም ያን ሲያዩ ሳቁ። ሲስቁ ጥርሳቸው እንደሚያምር ሰፈሩ አያውቅም ነበር።

ብርቄ ጭቃውን አልነካችውም። አጠገቡ ያለው ድንጋይ ላይ ግን ቀሚሷን ሳትሰበስብ ተቀመጠች።

«ጣሳውን አቀብይኝ» አለቻት አበቡ። «ዛሬ አርብ ነው።»